የነፍሰ ጡር እናት ምግብ ለልጇ የዕድሜ ልክ ጤና መሠረት ስለ መሆኑ

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለሽማግሌዎች የተነገረ ንግግር



በጅማ ከተማ በቦሳ አዲስም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት የቡና አገሮች፥ በአጋሮና በሊሙ፥ በማናና በጌራ፥ ቡና የሚተክል ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። የቡና ችግኝ ከመደቡ ተነሥቶ ወደ ጕድጓዱ ሲገባ ዋና ሥሩ ቢታጠፍ፥ ጥፋቱ በዚያ ቀን አይታይም። ችግኙ ይጸድቃል፤ ቅጠሉም ይለመልማል፤ ባለቤቱም ደኅና ተከልሁ ብሎ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ዛፉ አድጎ ፍሬ መሸከም ሲጀምር፥ በጋውም ሲጠናበት፥ ያለ ምክንያት የደረቀ መስሎ ይጠወልጋል። በዚያን ጊዜ ሥሩን ቈፍረው ቢያዩት ታጥፎ ይገኛል። እንግዲህ ጕዳቱ የተጀመረው በዚያ በጋ አይደለም፤ በተተከለበት ቀን ነው።

የሰው ሰውነትም ከዚህ የሚመሳሰል ጠባይ እንዳለው የዘመኑ ሐኪሞች ደርሰውበታል። አንድ ሰው በዐርባና በዐምሳ ዓመቱ የስኳር በሽታ ወይም የደም ግፊት ሲይዘው፥ ዘመዶቹ ከምን መጣበት ብለው ይጠይቃሉ። አንዱ ምክንያቱ በበላውና በጠጣው፥ በተቀመጠበትም ኑሮ ውስጥ ይገኛል። ሁለተኛው ምክንያት ግን ከመወለዱ በፊት፥ በእናቱ ማኅፀን ሳለ፥ እናቱ በበላችውና ባጣችው ምግብ ውስጥ ይገኛል። ይህ ንግግር የሚያስረዳው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ምክንያት ነው።

ነገሩ የታወቀው እንዲህ ነው። በእንግሊዝ አገር ሀርትፎርድሺር በሚባለው አውራጃ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1911 ዓ.ም. ጀምሮ አዋላጆች የሚወለዱትን ሕፃናት ሁሉ እየመዘኑ ክብደታቸውን በመዝገብ ይጽፉ ነበር። ሕፃኑ አንድ ዓመት ሲሞላውም ዳግመኛ ይመዝኑት ነበር። ዘመን ካለፈ በኋላ ዴቪድ ባርከር የተባለው ሐኪምና ባልደረቦቹ እነዚያን መዝገቦች አግኝተው፥ ከ1911 እስከ 1930 ዓ.ም. የተወለዱትን 5,654 ወንዶች ዕጣ ተከታተሉ። በ1989 ዓ.ም. እንዳስታወቁትም፥ ሲወለዱና በአንድ ዓመታቸው ክብደታቸው ያነሰ የነበሩት፥ ከሌሎቹ ይልቅ በልብ በሽታ በብዛት ሞተው ተገኙ። ከዚያም ወዲህ በተደረገው ምርመራ፥ ሲወለዱ ክብደታቸው ያነሰ ሰዎች በሸመገሉ ጊዜ ሰውነታቸው ስኳርን በሚገባ ማስተናገድ እንደሚያቅተው ታወቀ።

ከዚህም ይልቅ የሚያስረዳው በሆላንድ አገር የደረሰው መከራ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1944 ዓ.ም. መጨረሻ፥ አገሪቱን የያዘው የጀርመን ጦር ወደ ምዕራቡ ክፍል እህል እንዳይገባ ስለ ከለከለና ክረምቱም ስለ በረታ፥ ታላቅ ራብ ሆነ። ለአንድ ሰው በቀን የሚታደለው ምግብ ከ1,000 ካሎሪ በታች ወረደ፤ ይህም ለአንድ ጐልማሳ ከሚያስፈልገው ከእኩሌታው ያነሰ ነው። በ1945 ዓ.ም. በግንቦት አገሪቱ ነጻ ስትወጣ ራቡ አበቃ። መጀመሪያውና መጨረሻው የታወቀ ስለ ሆነ፥ በዚያ ወራት ፅንስ የነበሩት ልጆች እነማን እንደ ሆኑ ለማወቅ ተቻለ። እነዚህ ሰዎች ዐምሳ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ቢመረመሩ፥ በማኅፀን ሳሉ ራቡ ያገኛቸው ሰዎች ደማቸው ውስጥ ያለው ስኳር ከሌሎቹ ይልቅ ከፍ ብሎ ተገኘ። ከእነርሱም መካከል ራቡ በእርግዝናው መጀመሪያ ወራት ያገኛቸውና እናቶቻቸው ኋላ በሚገባ የበሉላቸው፥ ሲወለዱ ክብደታቸው ደኅና ነበረ፤ ነገር ግን በጐልማሳነታቸው የልብ በሽታ በዛባቸው። ስለዚህ ሕፃኑ ወፍሮ ተወለደ ማለት ብቻ ምንም አልጐደለበትም ማለት አይደለም።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ታሪክ ነው የሚል ቢኖር፥ በኢትዮጵያም ምስክር አለ። በ1977 ዓ.ም. ጠንቶ የነበረው ራብ በወሎ ምን እንዳደረገ ሽማግሌዎች አይዘነጉትም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ያሉበት አንድ ጥናት፥ በራያ ቆቦ በዚያ ዘመን ፅንስ ወይም ሕፃን የነበሩትን ሰዎች አድገው ሳለ መረመረ። በማኅፀንም ሆነ ከተወለዱ በኋላ ራቡ ያገኛቸው ሰዎች፥ ካላገኛቸው ይልቅ ቁመታቸው አጥሮ፥ የማሰብና የማስታወስ ኀይላቸውም ቀንሶ ተገኘ። ራቡ ካለፈ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በሰዎቹ ሰውነት ውስጥ ግን ገና አላለፈም።

በጅማም ከተማ ሌላ ታላቅ ሥራ ተሠርቷል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 2005 ዓ.ም. ድረስ፥ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የተወለዱ 644 ሕፃናት ከእናቶቻቸው ጋራ ተመዝግበው፥ የጅማ ሊቃውንት ከኮፐንሀገን ዩኒቨርሲቲና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው አስተዳደጋቸውን ተከታተሉ። ሕፃኑን ሳይጐዱ በሚመዝኑበት አንድ ሣጥን፥ በአየሩ ልክ እየለኩ፥ ከሰውነቱ ስንቱ ስብ፥ ስንቱ ደግሞ ሥጋና አጥንት እንደ ሆነ ለይተው ጻፉ። ሁለት ሕፃናት ክብደታቸው እኩል ሲሆን፥ የአንዱ ክብደት በስብ፥ የሌላው በሥጋና በአጥንት ሊሆን ይችላልና። ልጆቹ አምስት ዓመት ሲሆናቸው ቢመረመሩ፥ ሲወለዱ ሥጋና አጥንታቸው የዳበረው በቁመት በልጠው ተገኙ፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ስብ ፈጥኖ የተከማቸባቸው ደግሞ በአምስት ዓመታቸውም ስባቸው በዝቶ ተገኘ። ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆናቸውም ምርመራው ቀጠለ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፥ ጤና በሚዛን ክብደት ብቻ የማይለካ መሆኑና የሰውነት አሠራር እጅግ ቀድሞ የሚጀመር መሆኑ ነው።

አሁን ደግሞ ምክንያቱን መግለጥ ይገባል። ፅንስ በማኅፀን ሳለ ምግቡን ሁሉ ከእናቱ ደም በእንግዴ ልጁና በእትብቱ በኩል ይቀበላል። የሚመጣለት ሲያንስ ግን ባለው ይብቃቃል። ብልህ የቤት እመቤት እህል ሲያጥራት ለየትኛው አስቀድማ እንደምትሰጥ እንደምታውቅ፥ የፅንሱም ሰውነት ከሁሉ አስቀድሞ አንጎሉን ለማዳን ይጣጣራል፤ ከሌላው ብልት ግን ይቀንሳል። ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት የሚያስገባውን ኢንሱሊን የሚያመነጨው ቆሽት ሳይዳብር ይቀራል። ስኳሩን የሚያቃጥለው ጡንቻም ይሳሳል። በኵላሊት ውስጥ ደምን የሚያጠሩት ጥቃቅን ወንፊቶች ቁጥራቸው ያንሳል፤ እነዚህም ልጁ ከመወለዱ በፊት ተሠርተው የሚያልቁ ስለ ሆኑ፥ ከተወለደ በኋላ ቢመግቡት አዲስ አይጨመሩለትም።

ይህ ቍጠባ በማኅፀን ሳለ ሕይወቱን ያተርፍለታል። አድጎም በልኩ እየበላ፥ በእግሩ እየሄደ፥ እየሠራም ቢኖር ብዙ ላይከብደው ይችላል። ጭንቁ የሚመጣው ለጥቂት የተሰናዳው ሰውነት ብዙ ሲጫንበት ነው። ልጁ አድጎ ወደ ከተማ ይገባል፤ ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ መጠጥ፥ በዘይት የተጠበሰ ምግብ፥ ነጭ ዳቦም ያዘወትራል፤ ከወንበርም አይነሣም። ያን ጊዜ ቆሽቱ ይደክማል፤ ስኳሩ በደሙ ውስጥ ይቀራል፤ በቁጥር ባነሱት የኵላሊት ወንፊቶችም ምክንያት የደሙ ግፊት ይጨምራል። ይህ ግን ሊሆን የሚችል እንጂ የማይቀር ፍርድ አይደለም። ጥንቃቄ ያደረገ ሰው ከበሽታው ሊድን ይችላል፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ከሁሉ የሚቀለው ግን ከመጀመሪያው መጠበቁ ነው።

እንግዲህ ጥንቱን የኖረውን አንድ ልማድ መመርመር ያስፈልጋል። በብዙ የኢትዮጵያ ስፍራ፥ ነፍሰ ጡር ሴት ብዙ ከበላች ፅንሱ ይፋፋና ምጥ ይጠናባታል ይባላል። ወተትና አይብም በሕፃኑ ራስ ላይ ይለጠፋል ተብሎ ይከለከላታል። በአንዳንድ ቤትም ሙዝ፥ ማርና ተልባ አትቅመሽ ትባላለች። ይህ ልማድ ከክፋት የመጣ አይደለም። ሐኪምና አዋላጅ በማይገኝበት ዘመን ምጥ ስንቱን እናት ስለ ገደለ፥ ልጁ ትንሽ ሆኖ ይውጣልን ብለው አባቶችና እናቶች የዘየዱት ዘዴ ነው። የፈሩት ነገር እውነት ነበረ፤ መድኃኒቱ ግን አልሆነም።

ምጥ የሚጠናው ብዙ ጊዜ የሴቲቱ የዳሌ አጥንት ጠባብ ሲሆን፥ ወይም ሕፃኑ አቀማመጡ ሲጣመም ነው። የዳሌ አጥንት ጠባብነት ደግሞ በአብዛኛው የሚመጣው፥ ሴቲቱ ራሷ በልጅነቷ በሚገባ ሳትመገብ ካደገች፥ አጥንቷም ሳይጠና ከተዳረች ነው። ስለዚህ ምጥ እንዲቀል የሚፈልግ ሰው ሴት ልጁን በሕፃንነቷ ያብላት፤ ሳትደርስ አይዳራት፤ ስትወልድም ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዳት። በእርግዝናዋ ማስራብ ግን የእናቲቱን ጕልበት ከማድከምና የልጁን ቆሽትና ኵላሊት ከመጕዳት በቀር ትርፍ የለውም። በሕፃኑ ራስና ገላ ላይ የሚታየው ነጭ ነገርም ወተት ወይም አይብ አይደለም። የፅንሱ ቆዳ ራሱ የሚያወጣው፥ በማኅፀን ውሃ ውስጥ ገላውን የሚጠብቅለት ቅባት ነው። ወተት ጠጥታ በማታውቅ እናት ልጅም ላይ ይታያል።

ስለ ምግቡ ዓይነት ደግሞ፥ ለጅማ አገር ሰው ከሩቅ የሚመጣ ነገር አያስፈልገውም። በቆሎ፥ ማሽላ፥ ጤፍ፥ ቆጮና ጎደሬ ኀይል ይሰጣሉ፤ ብቻቸውን ግን ሥጋ አይገነቡም። በተለይ ቆጮና ጎደሬ ሆድ ቢሞሉም ገንቢነታቸው ጥቂት ነው። በቆሎ ከቦሎቄ ጋራ ሲበላ ግን አንዱ የጐደለውን ሌላው ይሞላዋል፤ የበቆሎና የቦሎቄ ንፍሮ ለነፍሰ ጡር እጅግ መልካም ነው። ሽሮ፥ ባቄላ፥ ምስርና አተርም እንዲሁ ናቸው። ጎመን፥ ዱባ፥ አቦካዶ፥ ማንጎና ፓፓያ በጓሮ ይገኛሉ። ዕንቁላልና ወተት ለገበያ ከመውጣታቸው በፊት ለእርሷ ድርሻ ይቈረጥላት። ጨው ሲገዛ አዮዲን የተጨመረበት ይሁን፤ አዮዲን ሲጐድል እንቅርት ያወጣል፥ የፅንሱንም አእምሮ ይጐዳልና። ነፍሰ ጡር ሴት ከወትሮው አንድ ጊዜ ጨምራ፥ የምታጠባ ደግሞ ሁለት ጊዜ ጨምራ በየቀኑ እንድትበላ ይመከራል። ጤና ጣቢያው የሚሰጣትን ደም የሚያበዛ የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብልም ሳታቋርጥ ትዋጥ።

ቡናን በሚመለከት፥ ቡና የሚበቅልበት አገር ሰው ሊሰማው የሚገባ ቃል አለ። ቡናም ሆነ ሻይ ከምግብ ጋራ ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ሲጠጣ፥ በእህሉ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይቀበለው ያግዳል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት ከማዕድ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ብትቈይ ይሻላታል። ቡና ማብዛትም የፅንሱን ዕድገት እንደሚቀንስ ታውቋል፤ ስለዚህ የዓለም የጤና ድርጅት ቡና የሚያበዙ ነፍሰ ጡሮች እንዲቀንሱ ይመክራል። ከጎረቤት ጋራ መቀመጡና ጨዋታው አይቅርባት፤ አቦል ጠጥታ ቶናውንና በረካውን ብታሳልፍ ግን የሚቀየማት አይኑር። ጫት ደግሞ የመብላት ፍላጎትን ስለሚዘጋ፥ ጨርሶ ቢቀርባት ይበጃታል።

የወቅቱም ነገር ሊታሰብ ይገባል። በቡና አገር ገንዘብ የሚገባው ከለቀማው በኋላ ነው፤ ጎተራ የሚራቈተው ደግሞ በክረምት፥ አዲሱ በቆሎ ሳይደርስ ነው። በለቀማ ጊዜ ነፍሰ ጡሯ ከሌሎቹ ጋራ ቅርጫት ይዛ ትውላለች፤ ሥራዋ ይጨምራል እንጂ ምግቧ አይጨምርም። በክረምት ደግሞ ለሁሉ ያነሰው ለእርሷ ይብስባታል፤ ምክንያቱም በብዙ ቤት ባልና ልጆች ከበሉ በኋላ የተረፈውን የምትበላ እርሷ ናት። ስለዚህ ቡናው ሲሸጥ፥ ገንዘቡ በድግስና በልብስ ከማለቁ በፊት፥ ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ለክረምት የሚሆን ቦሎቄና ሽሮ አስቀድሞ ቢያኖር ትልቅ ብልኀት ነው። ከባድ ሸክምም ሌላ ሰው ይቀበላት።

ስለ ጾምም ጥያቄ ይነሣል። በእስልምና ሕግ፥ ነፍሰ ጡር ሴት ለራሷ ወይም ለፅንሷ ጕዳት የፈራች እንደ ሆነ ጾሙን ፈታ ኋላ ልታካክሰው ይፈቀድላታል። በክርስትናም በኩል የንስሓ አባቷን ልታማክር ይገባታል። ሽማግሌዎች ይህን ቢናገሩላት፥ በይሉኝታ የምትራበው እናት ትድናለች።

ደግሞ ነገሩን ወደ ሌላው ወገን እንዳያጋድሉት መጠንቀቅ ያሻል። ለነፍሰ ጡር ምግብ ይጨመርላት ማለት ስኳርና ቅባት ይከመርላት ማለት አይደለም። በእርግዝና ጊዜ የስኳር በሽታ የሚይዛቸው ሴቶች አሉ። የእናቲቱ ስኳር ሲበዛ ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ ፅንሱም ያለ ልክ ይወፍራል፤ አድጎም እርሱ ራሱ ለዚያው በሽታ የቀረበ ይሆናል። ስለዚህ በእርግዝና ወራት ወደ ጤና ጣቢያ እየሄዱ መመርመር ለከሳችውም ለወፈረችውም ይገባል። አንሶ የተወለደውንም ሕፃን ቶሎ ይወፍር ብሎ በስኳር ውሃና በቆርቆሮ ወተት ማጨቅ አይገባም። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ነገር ሳይነገር ሊቀር አይገባም። ይህን ትምህርት የሰማ ሰው፥ ልጁ በታመመ ጊዜ እናቲቱን አንቺ ነሽ ሳትበዪ የጐዳሽው ብሎ ሊወቅሳት አይገባም። እርሷ የበላችው ቤቱ የሰጣትን፥ ልማዱም የፈቀደላትን ነው። እህሉን የሚሸጠውና የሚያኖረው ባል ነው፤ ይህን ብዪ ይህን አትብዪ የምትለው አማት ናት፤ ልማዱን የሚያጸናውና የሚሽረው ሽማግሌ ነው። ስለዚህ ጥፋቱም ልማቱም የቤቱና የመንደሩ ሁሉ ነው።

መምህራን ይህን ነገር በትምህርት ቤት ሊያስተምሩት ይችላሉ። በጤና ትምህርት ጊዜ ሴቶቹንም ወንዶቹንም ልጆች አንድነት ያስተምሯቸው፤ ዛሬ በሰሌዳ ፊት የተቀመጠው ወንድ ልጅ ነገ ባል ነውና። በትምህርት ቤቱ ጓሮ ጎመንና ቦሎቄ ቢያስተክሉ፥ ልጆቹ ዘሩን ወደ ቤታቸው ይወስዳሉ። ለሴቶቹ ልጆች ምሳ ሳይበሉ እንዳይመጡ ለወላጆቻቸው ይንገሩ፤ ሴት ልጅ ወደ ፊት ልጅ የሚሆንላትን ዘር ሁሉ ይዛ የምትወለድ ስለ ሆነ፥ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ልጅ ፀንሳ ስትበላ የሚጠቀመው የልጅ ልጇም ጭምር ነውና። ሽማግሌዎችም በዕድርና በሰርግ፥ በሸንጎና በቡና ላይ፥ ነፍሰ ጡር ቀድማ ትብላ የሚለውን ቃል ደጋግመው ይናገሩ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ዐሥር ጊዜ ተናግራ የማይሰማ ቤት፥ ሽማግሌ አንድ ጊዜ ሲናገር ይሰማል።

ለቡና ችግኝ ጕድጓዱን አጥልቆ የሚቈፍር፥ ሥሩንም በእጁ አቃንቶ የሚተክል ገበሬ፥ ፍሬውን ከዓመታት በኋላ እንደሚያይ ያውቃል፤ ስለዚህ አይቸኵልም። ለነፍሰ ጡር ሴት በየቀኑ አንድ ጭልፋ ንፍሮና አንድ ብርጭቆ ወተት የሚጨምር ቤትም፥ ፍሬውን የሚያየው ያ ልጅ ዐርባ ዓመት ሆኖት ያለ መርፌና ያለ ክኒን ሲሠራ ነው። ያን ቀን የዛሬዎቹ ሽማግሌዎች ላያዩት ይችላሉ፤ ልጆቻቸው ግን ይኖሩበታል።